ዝንጅብል፦ ባህላዊ የመድኃኒትነት አገልግሎቱና ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ዝንጅብል በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤት የማይታጣ ቅመም ነው። ለድልህ፣ ለአዋዜና ለወጥ ማጣፈጫ ይውላል፤ ከሻይ ጋርም ይፈላል። ከምግብነቱ ጎን ለጎን ሆድ ሲነፋ፣ ጉሮሮ ሲከረክር ወይም ጉንፋን ሲይዝ በቅድሚያ የሚፈለግ የቤት ውስጥ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ኅብረተሰቡ ይህን ልማድ በአግባቡ እንዲጠቀምበት የዝንጅብልን ጥቅምና ወሰን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ተክሉ

በሳይንሳዊ መጠሪያው ዚንጂበር ኦፊሲናሌ የሚባለው ዝንጅብል ከእርድ፣ ከሄልና ከኮረሪማ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። በተለምዶ ሥር እየተባለ ቢጠራም፣ ለምግብና ለመድኃኒት የሚውለው ክፍል ከአፈር በታች የሚያድገው ግንዱ ነው። በሀገራችን በወላይታና በከምባታ አካባቢዎች በስፋት ሲመረት ቆይቷል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተከሰተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በምርቱ ላይ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል።

የዝንጅብል የማቃጠል ባሕርይ በዋናነት የሚመነጨው ጂንጀሮል ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ከዚህ ንጥረ ነገር ከፊሉ ይበልጥ ወደሚያቃጥለው ሾጋኦል ይለወጣል። ደረቁ ዝንጅብል ከእርጥቡ የበለጠ የሚፋጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በባህል የሚውልባቸው ሕመሞች

ለሆድ ቁርጠትና ለሆድ መንፋት እርጥቡን ዝንጅብል አኝኮ ጭማቂውን መዋጥ የተለመደ ነው። ለጉሮሮ ሕመም በጥርስ ይዞ ቀስ በቀስ ይመጠጣል። ለጉንፋንና ለሳል ደግሞ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ በማር ይለወሳል፤ አለዚያም በሻይ መልክ ተፈልቶ ትኩሱ ይጠጣል።

በጥናት የተረጋገጠው ምንድን ነው?

በሰዎች ላይ በተካሄዱ ጥናቶች የተሻለ ማስረጃ የተገኘው በማቅለሽለሽ ላይ ነው። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ለሚያጋጥም ማቅለሽለሽ በበርካታ ጥናቶች የተሞከረው መጠን በቀን 1 ግራም ያህል ደረቅ ዝንጅብል ሲሆን፣ ተከፋፍሎ የሚወሰድ ነው። ስሜቱን እንደሚያቀል ቢታይም ማስመለስን በማስቆም ረገድ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። በወር አበባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማን ሕመም ለማስታገስም በቀን ከ750 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ዱቄት የተሞከረባቸው ጥናቶች አበረታች ውጤት አሳይተዋል።

በአንጻሩ ዝንጅብል ጉንፋንን ወይም የሳንባ ምችን እንደሚፈውስ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም። በቤተ ሙከራ ተሕዋስያንን መግታቱ በሰው አካል ውስጥም ያንኑ ያደርጋል ለማለት አያስችልም። ትኩስ መጠጥ የጉሮሮን ሕመም ያስታግሣል፤ የሕመሙን መንስኤ ግን አያስወግድም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች

በምግብ ውስጥ በሚገባው መጠን ዝንጅብል ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። በብዛት ሲወሰድ ግን ቃርና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። እንደ ዋርፋሪን ያሉ የደም መርጋትን የሚከላከሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ፣ የሐሞት ጠጠር ያለባቸውና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው ሰዎች ከምግብ መጠን በላይ ከመውሰዳቸው በፊት የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል። ነፍሰ ጡር እናቶችም እንዲሁ ሊያደርጉ ይገባል። ማር ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በማር የተለወሰ ዝንጅብል ፈጽሞ ሊሰጣቸው አይገባም።

የሻገተ ዝንጅብል የሻገተውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ከመጠቀም ይልቅ ሙሉ በሙሉ መጣል አለበት። የሚደርቀውም በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በንጹሕ ምንጣፍ ወይም አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሊሆን ይገባል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የቤት ውስጥ መድኃኒት የሚያስከትለው ትልቁ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከቅመሙ ሳይሆን ሕክምናን ከማዘግየቱ የሚመጣ ነው። የሳንባ ምች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለሞት ከሚዳርጉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ በመሆኑ፣ የሚያስል ሕፃን አተነፋፈስ በተረጋጋበት ሁኔታ ለ1 ሙሉ ደቂቃ ሊቆጠር ይገባል። በደቂቃ፦

• ከ2 ወር በታች ለሆነ ጨቅላ 60 እና ከዚያ በላይ፣
• ከ2 እስከ 11 ወር ለሆነ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣
• ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላልሞላው ሕፃን 40 እና ከዚያ በላይ

ከተቆጠረ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ይህ ከታየ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ነፍሰ ጡር እናትም ምግብና ውኃ በሆዷ አልረጋ ካላት ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ፈጥና መታከም ይኖርባታል።

ለሕክምና የሚቀርብ ማንኛውም ሰው በቤቱ የወሰደውን ባህላዊ መድኃኒት ዓይነትና መጠን ለባለሙያው ሳይደብቅ ማስረዳት ይገባዋል። ይህም ባለሙያው ተገቢውን መድኃኒት ለመምረጥ ያግዘዋል።