የጃቫ ናሙና አፕ ሠራ፣ ዳታው ግን የት ገባ? ዋይልድፍላይን ከእውነተኛ ዳታቤዝ ጋር ማገናኘት

አፑ ተከፈተ፣ ስም ተመዘገበ፣ ዝርዝሩ ላይም ወጣ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ግን የተመዘገበው ሁሉ የለም! ጃቫ እየተማራችሁ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ይሄ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ብልሽት አይደለም፣ ናሙናው ሆን ተብሎ እንደዚያ እንዲሆን ነው የተሠራው። ጣጣው የሚመጣው ያንኑ ናሙና ትንሽ ነካክተን ለዕድር አባላት ወይም ለሱቅ ደንበኞች መመዝገቢያ ስናደርገው ነው።

ምሳሌ የምናደርገው ዋይልድፍላይን እና ከእሱ ጋር የሚቀርበውን ኪችንሲንክ የሚባል ናሙና አፕ ነው።

ዋይልድፍላይ ምንድን ነው?

የጃቫ አፕሊኬሽን ሰርቨር ነው። ድሮ ጄቦስ ይባል ነበር፣ በአዲሱ ስም የመጀመሪያው ቅጂ የወጣው በ2014 (እ.ኤ.አ) ነው። በነፃ ይወርዳል። ሥራው አፑን ተሸክሞ ማስኬድ ነው፦ ከብራውዘር የሚመጣውን ጥያቄ ይቀበላል፣ ከዳታቤዝ ጋር ያለውን ግንኙነት ይይዛል፣ ትራንዛክሽን ይቆጣጠራል። ቶምካትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ቶምካት በዋናነት የዌቡን ክፍል ነው የሚሰጠው፤ ዋይልድፍላይ ቀሪውንም ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል።

ይሄ በስልክ ብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም፣ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ እና ማቨን ይጫናሉ። ሰርቨሩ ራሱ 200 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ማቨንም መጀመሪያ ሲሮጥ ብዙ ፋይል ያወርዳል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብታደርጉት ይሻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2020 (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ላይ በወጣው ጃካርታ 9፣ የጃቫ ኢንተርፕራይዝ ፓኬጆች ስም ከ«ጃቫኤክስ» ወደ «ጃካርታ» ተቀይሯል። ስለዚህ የቆየ የዩቲዩብ ትምህርት አይታችሁ የጻፋችሁት ኮድ አዲሱ ሰርቨር ላይ አልነሳ ካለ፣ ቀድማችሁ የኮዱ መጀመሪያ ላይ ያሉትን የኢምፖርት መስመሮች እዩ።

አፑን መጫን

ማቨን ኮዱን ጠቅልሎ አንድ «ዋር» ፋይል ያደርገዋል። ያንን ፋይል በዋይልድፍላይ ፎልደር፣ ስታንድአሎን ውስጥ ወዳለው ዲፕሎይመንትስ ኮፒ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ፎልደሩን በየ5 ሰከንዱ ያያል። ሲሳካ ከዋሩ አጠገብ «ዲፕሎይድ» የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል ይፈጠራል፣ ካልተሳካ «ፌይልድ» የሚል ይሆናል። ያ ፌይልድ ፋይል ባዶ አይደለም፤ በኖትፓድ ብትከፍቱት ምክንያቱ ተጽፎበታል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ነው ሰርቨሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚጭነው።

ከተሳካ ብራውዘር ላይ በፖርት 8080 ይከፈታል። ስም፣ ኢሜይል እና ስልክ የሚሞላበት ፎርም ታገኛላችሁ። ስልክ ቁጥሩ ከ10 እስከ 12 አሃዝ መሆን አለበት። በ09 ብትጀምሩ 10፣ በ251 ብትጀምሩ 12 ስለሚሆን ሁለቱም ይገባሉ። የመደመር ምልክት ካስቀደማችሁ ግን አይቀበልም።

ታዲያ ዳታው የት ነው የሚገባው?

ኪችንሲንክ ኤችቱ የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ይጠቀማል፣ እሱም የሚቀመጠው ሚሞሪ ላይ ነው። ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም። መብራት ሄደ፣ ሰርቨሩ ጠፋ፣ ዳታውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ለልምምድ ምቹ ነው፣ ምክንያቱም ምንም ሳትጭኑ አፑ ይነሳል። ለሰው ዳታ ግን አይሆንም።

መፍትሔው እንደ ፖስትግሬስ ያለ ዳታቤዝ ማገናኘት ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ የሚደናቀፈው በስም ነው። አፑ የዳታቤዙን አድራሻ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። እሱ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፣ ለምሳሌ «ዕድር ዲኤስ»። ይህ ስም አፑ ውስጥ ባለው ፐርሲስተንስ ኤክስኤምኤል ፋይል ላይ ይጻፋል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ በዚሁ ስም ዳታ ሶርስ ይፈጠራል፤ አድራሻው፣ ዩዘሩ እና ፓስወርዱ ያለው እዚያ ነው። ስሞቹ በአንድ ፊደል እንኳን ከተለያዩ አፑ አይነሳም። የሚመጣው ስህተትም «የሚፈለገው ሰርቪስ አልተገኘም» ብሎ ያንኑ ስም የሚዘረዝር ነው። ረጅም ቀይ ጽሑፍ ስታዩ አትደንግጡ፣ ስሙን ብቻ ፈልጉ።

እንዲህ መለያየቱ ትልቅ ጥቅም አለው። ፓስወርዱ ከኮዱ ውጭ ስለሆነ ፕሮጀክቱን ጊትሀብ ላይ ብትጭኑ የአባላቱ ዳታ ቁልፍ አብሮ አይወጣም።

አሠራሩ ይሄ ነው። ፖስትግሬስ ላይ አዲስ ዳታቤዝ እና ለእሱ ብቻ የሚሆን ዩዘር ፍጠሩ (ዋናውን አድሚን አትጠቀሙ)። የፖስትግሬስን የጄዲቢሲ ድራይቨር አውርዱና እንደ ዋሩ ፋይል ዲፕሎይመንትስ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ አድ ዩዘር በሚባለው ስክሪፕት የአስተዳዳሪ አካውንት ክፈቱ፣ በፖርት 9990 ወደ መቆጣጠሪያው ገጽ ገብታችሁ ዳታ ሶርሱን ፍጠሩ። የፖስትግሬስ ፖርት 5432 ነው። ግንኙነቱን መሞከሪያ በተን አለ፣ እሱን ሳትነኩ አትለፉ። በመጨረሻም አፑ ውስጥ የራሱ የዳታ ሶርስ ፋይል ካለ አጥፉት፤ ብዙ የኪችንሲንክ ቅጂዎች ላይ ይገኛል፣ ለሙከራ ብቻ የተቀመጠ ነው።

ዋናው አደጋ ግን ገና ነው!

ፖስትግሬስ ተገናኘ፣ ዳታው ዲስክ ላይ ገባ፣ ተመስገን። በሚቀጥለው ቀን አንድ የፊደል ስህተት አርማችሁ አፑን እንደገና ስትጭኑት ቴብሉ ባዶ ይሆናል። እንዴት?

ፐርሲስተንስ ኤክስኤምኤል ውስጥ ሀይበርኔት ቴብሎቹን ምን እንደሚያደርግ የሚነግር መስመር አለ። ናሙናው ላይ የተጻፈው «ክሪኤት ድሮፕ» ነው። ትርጉሙ፦ አፑ ሲነሳ ቴብሎቹን ፍጠር፣ ሲቆም አጥፋቸው። ሚሞሪ ላይ ላለው ኤችቱ ይሄ ምንም አይጎዳም፣ ዳታው መጥፋቱ አይቀርማ። ፖስትግሬስ ላይ ግን ትእዛዙን በታማኝነት ይፈጽማል፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ክሪኤት» ብቻ ማድረግም አያድንም፣ እሱ ደግሞ ሲነሳ የነበረውን አጥፍቶ ነው የሚፈጥረው።

«አፕዴት» የጎደለውን ይጨምራል እንጂ ያለውን አያጠፋም፤ ለልምምድ ይሆናል። የሰው ዳታ ከገባ በኋላ ግን «ቫሊዴት» አድርጉት። ያኔ ሀይበርኔት ቴብሎቹ ከኮዱ ጋር መግጠማቸውን ያያል እንጂ አይነካቸውም። ካልገጠሙ አፑ አይነሳም፣ ይሄ ደግሞ ዳታ ከመጥፋቱ በጣም ይሻላል። ቴብል መቀየር ሲያስፈልግ መጀመሪያ ባክአፕ ወስዳችሁ ራሳችሁ በኤስኪውኤል ቀይሩ።

አፑ ሰው ሲበዛበት ከቀዘቀዘስ?

ዳታ ሶርሱ ግንኙነቶችን ከፍቶ በፑል ያስቀምጣል። ካልቀየራችሁት ከፍተኛው 20 ነው። 20ውም ከተያዙ ቀጣዩ ጥያቄ እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቅና ስህተት ይመልሳል። ቁጥሩን ዝም ብሎ መጨመርም አይሆንም፣ ፖስትግሬስ ራሱ ካልተቀየረ በቀር የሚፈቅደው 100 ግንኙነት ነው። እያንዳንዳቸው 20 የሚይዙ 6 ዳታ ሶርሶች ቢኖሩ 120 ይሆናል፣ ከአቅም በላይ ነው።

በስልክ ለመክፈት

ዋይልድፍላይ ሲነሳ የሚሰማው ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣውን ጥያቄ ብቻ ነው። በስልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ስታስነሱት «ቢ» በሚለው ማዘዣ አድራሻውን አራት ዜሮ በነጥብ አድርጉት (0.0.0.0)። ከዚያ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ የኮምፒውተሩን አይፒ እና 8080ን ስልኩ ላይ ጻፉ። ካልከፈተ የኮምፒውተሩን ፋየርዎል እዩ። 9990ን ግን ለውጭ አትክፈቱ። እዚያ የገባ ሰው አፑን ማውረድም፣ በምትኩ የራሱን መጫንም ይችላል።