ቃላድ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ

የጎጃም ገበሬ ከጦር ይልቅ ይህን ገመድ ፈራ፤ የሰጋው ለርስቱ ነው። በጎጃሟ ሉማሜ አካባቢ መሬት ከአቅኚው አባት በትውልድ የሚቆጠር ርስት ነበር፤ የመንደር ሹመት የሆነው ጭቃ ሹምነትም በብዙ ቦታ በባለርስቶች መካከል በየዓመቱ ይዞር ነበር። ጥንታዊቷ ሮማም፣ እንደ ትውፊቷ፣ ንጉሧን በ509 ከክርስቶስ ልደት በፊት አባርራ በየዓመቱ የሚለወጡ ሁለት ቆንስሎችን ሾመች። ዕዳ ያስመረረው ተራ ሕዝቧ በ494 ከተማዋን ጥሎ ተራራ ወጣ፤ ትሪቡን የሚባሉ ጠበቆቹንም አገኘ።

በጎጃምም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች «ቃላድ ሊከተል ነው» ብለው ሸፈቱ። አውሮፕላን ቦምብ ቢጥልባቸውም አልተንበረከኩም። ይህ ጽናት ከሮማው እኩል ሊነገር ይገባዋል። መንግሥት አገረ ገዢውን ፀሐዩ እንቁሥላሴን አነሣ፤ ውዝፍ ግብሩንም ማረ።