የአንድ ወረዳ አደጋ እንዴት ይመዘናል?

ስለ አንድ የገጠር ወረዳ መግለጫ እንድታቀርቡ ብትታዘዙ የሕዝቡን ቍጥር፥ የግብሩን ልክ፥ የትምህርት ቤቱንና የጤና ጣቢያውን ብዛት ከመዝገብ አውጥታችሁ ትጽፋላችሁ። ነገር ግን «በዚህ ወረዳ ምድር ተንቀጥቅጦ ያውቃልን? ተራራስ ተንዶ ያውቃልን? በየትኛው መንደር ላይ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱን ከየትኛው መዝገብ ታገኙታላችሁ? ዛሬ የምናወሳው ስለዚሁ ነው።

በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ፥ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በካራ ቆሬና በአካባቢዋ ምድር ተንቀጠቀጠ። ልኩ ወደ 6.5 የሚጠጋ ነበረ። ማጀቴ የምትባለው ከተማ ፈጽማ ፈረሰች፤ ከካራ ቆሬም ግማሽ ያህሉ ወደቀ፤ 5 ሺሕ ያህል ሰዎች መጠለያ አጡ። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደው አውራ ጐዳና ተሰነጠቀ፥ ቋጥኝም ተንከባሎ ወረደበት። መንቀጥቀጡ በአንድ ቀን የተወሰነ አልነበረም፤ ለወራት እየተመላለሰ ሕዝቡን ሲያስጨንቅ ከርሟል።

ልብ በሉ፤ 6.5 የሚለው ቍጥር ብቻውን የወረዳን አደጋ አይነግረንም። ቍጥሩ ከምድር በታች የተለቀቀውን ኀይል ይለካል እንጂ በላይዋ ያለውን ቤት አይቈጥርም። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ በቶሎ ይናዳል፤ በእንጨትና በማገር የተሠራ ጎጆ ግን ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋዩ ተደርምሶ ሰው አይጫንም። በዐለት ላይ የቆመ ቤትና ወንዝ ባመጣው ልል አፈር ላይ የቆመ ቤትም እኩል አይናወጡም። እንግዲህ መዛኙ ኀይሉን፥ አፈሩን፥ ቤቱንና በውስጡ የሚያድረውን ሰው አንድ ላይ ማየት አለበት።

ይህን ሥራ በአገራችን በትጋት ከያዙት ሰዎች አንዱ ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን ንቅናቄ የሚከታተለውን ጣቢያ ይመሩ ነበር። መሣሪያቸው የሚመዘግበው ግን ከተተከለ ወዲህ ያለውን ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀደመውን ለማግኘት ዜና መዋዕልን፥ የመንገደኞችን ማስታወሻና የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ አገላበጡ። የድካማቸውም ፍሬ በ1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ በ1835 ዓ.ም. ግድም፥ ከብርቱ ዝናብ ጋራ የአንኮበር ቁልቁለት ተንዶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ይዞ መውረዱ እንዲህ ካሉ ጽሑፎች ይታወቃል። በእኔ አስተያየት ለአንድ ወረዳ ከብዙ ሥዕላዊ ካርታ ይልቅ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ይጠቅመዋል።

በ1987 ዓ.ም. ግድም የወጣው የሕንፃ ደንብ አገሪቱን ከ0 እስከ 4 በሚደርሱ የመንቀጥቀጥ ቀጠናዎች ከፍሏት ነበር። ደንቡ መሐንዲስ ላለው ሕንፃ መልካም ነበር። መሐንዲስ የማያውቀው የገጠር ቤት ግን ከደንቡ ውጭ ቀርቷል፤ ብዙው ሕዝብም የሚያድረው በዚሁ ቤት ነው።

ምድር ሳትንቀጠቀጥም በዝናብ ብቻ ትናዳለች። ውሃ በአፈሩ ውስጥ ሲሞላ አፈሩ ይከብዳል፥ መያያዣውም ይላላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነው ይህ ነው። ቁልቁለቱ ተንዶ ሰዎችን ቀበረ፤ ጎረቤት በማግሥቱ ጧት የተቀበሩትን ሊያወጣ ተሰብስቦ ሲቈፍር ያው ቁልቁለት ዳግመኛ ተናደና አዳኞቹንም ደረበባቸው። የሞቱት ከ2 መቶ በለጡ። ለወገን መድረስ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ስለዚህም ብዙዎቹ የሞቱት ለሌላ ሲሉ ነው። አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ዝናቡ ካላባራ ገና እንደሚናድ የሚያስጠነቅቅ ሰው በዚያ ጧት ቢገኝ ኖሮ ቍጥሩ ሌላ በሆነ ነበር።

በዚያው ሳምንት የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ከ15 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ከአካባቢው መነሣት እንደሚገባቸው ገለጸ። ይህ አኀዝ ራሱ የአንድ ወረዳ የአደጋ ሚዛን ነው፤ የተነገረው ግን በቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ አስከሬን በዶማና በእጅ በሚፈለግበት ሰሞን ነበረ።