ያልተሰረዘ ደብተር

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ የድሮ የፌስቡክ ጽሑፎቼን አጠፋሁ። አንድ በአንድ። ማንም አላስገደደኝም። በ2010 ዓ.ም. በታላቅ ደስታ ያወደስኳቸው ነገሮች ዛሬ ሲነበቡ ያሳፍሩኝ ነበር፣ በቃ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ስህተት ያለበትን ኮድ ማረም እንጀራዬ ነው። ያን ምሽት ራሴን ያረምኩ መስሎኝ ነበር።

በኋላ የአንድ ኢንዶኔዥያዊ ወጣት ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስሙ ሱ ሆክ ጊ ይባላል። በዲሴምበር 17 ቀን 1942፣ አገሩ በጃፓን ጦር ተይዛ ሳለ፣ ጃካርታ ውስጥ ከቻይና ዝርያ ካለው ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ጋዜጠኛና ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። ጊ የሞተው 27 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እኔ ዛሬ በዕድሜ እበልጠዋለሁ።

ደብተር መያዝ የጀመረው በ1957፣ ገና በ14 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ላይ የምናገኘው ነገር አገር የሚያናውጥ አይደለም፤ አስተማሪው ውጤቱን ስለቀነሰበት ተናዷል። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን ዓይኑ ከክፍል ወጥቶ መንገድ ላይ ያርፋል። በዲሴምበር 1959 አንድ ቀን፣ ለማኝ ያልሆነ ሰው ርቦት የማንጎ ልጣጭ ሲበላ ያያል። ኪሱ ውስጥ የነበረችውን ሁለት ሩፒያ ተኩል ሰጥቶት ቤቱ ይገባና ይጽፋል፦ ከዚህ ሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ፕሬዚዳንቱ ምናልባት እየሳቁ እየበሉ ይሆናል ብሎ።

ፕሬዚዳንቱ ሱካርኖ ነው። አገሪቱን በ1945 ነጻ ናት ብሎ ያወጀው፣ ሕዝብ እንደ አባት ያየው ሰው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ተቃዋሚዎችን ያስራል፣ ጋዜጦችን ይዘጋል። የዋጋ ንረቱ በኋላ ከ600 በመቶ በላይ ደረሰ። በዚያ ዘመን ጊ በኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይማር ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የተራራ ወጪዎች ማኅበር አቋቁሟል፤ ፖለቲካው ሲያንገሸግሸው ጫካ ይገባል።

ከዚያ ኦክቶበር 1 ቀን 1965 መጣ። በዚያች ሌሊት ስድስት ጄኔራሎችና አንድ መቶ አለቃ ተገደሉ። ጄኔራል ሱሃርቶ የጦሩን አመራር ያዘና ጥፋቱን በሙሉ በኮሚኒስት ፓርቲው ላይ ጣለ። ፓርቲው ወደ ሦስት ሚሊዮን አባላት ነበሩት፤ ከሶቪየት ኅብረትና ከቻይና ቀጥሎ በዓለም ትልቁ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደተገደሉ ብዙ የታሪክ ባለሙያዎች ይገምታሉ። አብዛኞቹ መሣሪያ ያልያዙ፣ ፍርድ ቤት ያልቀረቡ ነበሩ።

አሁን ታሪኩ ከባድ የሚሆንበት ቦታ ደረስን። በጃንዋሪ 1966 ጃካርታ ውስጥ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፦ ዋጋ ይቀነስ፣ ካቢኔው ይጽዳ፣ ኮሚኒስት ፓርቲው ይፍረስ። ጊ ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ነበር። ጦሩም ተማሪዎቹን ይደግፍ ነበር። ማለትም እነሱ መንገድ ላይ ሲዘምሩ፣ ደጋፊያቸው የሆነው ጦር በጃቫና በባሊ ገጠሮች ግድያውን እየመራ ነበር። በማርች 1966 ሱካርኖ ሥልጣኑን ለሱሃርቶ ለቀቀ ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹ አሸነፉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ወገኑ አሸንፏል፣ ምን ቀረው?

በ1967 አንድ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ፣ ባሊ ውስጥ ስለተፈጸመው የጅምላ ግድያ የሚተርክ ጽሑፍ ወጣ። በብዕር ስም ነው የታተመው፤ ጸሐፊው ጊ ነው። በዚያች ትንሽ ደሴት 80 ሺህ ያህል ሰው እንደተገደለ ይገመታል። የመሬት ጠብና የጎረቤት ቂም ሳይቀር «ኮሚኒስት» በሚለው ስም ተወራረደ። ልብ በሉ፣ ጊ ኮሚኒስት አይደለም። ይቃወማቸው ነበር፣ ፓርቲያቸው ይፍረስ ብሎ ጮኋል። የሞቱት ጠላቶቹ የሚላቸው ሰዎች፣ ገዳዮቹም እሱን ያገዙት ነበሩ። ያም ሆኖ ጻፈው፤ አገር ውስጥ ብዙው ሰው ዝም ባለበት ሰዓት።

ጀግና አድርጌ ልስለው አልፈልግም። ጽሑፉ የወጣው ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ነው፣ ያውም በብዕር ስም። ነገር ግን የታተመውን ደብተሩን ስንገልጥ የጃንዋሪ 1966 ሰልፎች ከነሙቀታቸው፣ ከነደስታቸው እዚያው አሉ። የኋላው ሐዘን የፊተኛውን ደስታ አልፋቀውም። እኛ ፕሮግራመሮች ሎግ የምንለው ነገር አለ፤ ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ፋይል። ኮድ ይታረማል፣ ሎግ ግን አይነካም። ሎጉን ከነካኸው ስህተቱ ከየት እንደመጣ መቼም አታገኘውም። እኔ ያን ምሽት ያጠፋሁት ሎጌን ነው።

ከድሉ በኋላ አብረውት የተሰለፉት አንዳንዶቹ ፓርላማ ገቡ። ጊ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ለእነዚህ የተማሪ ተወካዮች ጥቅል ስጦታ ላከላቸው፦ ሊፒስቲክና የፊት ፓውደር። ለአዲሶቹ ጌቶቻችሁ ተኳኩላችሁ አምራችሁ ታዩ ማለቱ ነበር። (ቀልዱ በዛሬ ዓይን ሴቶችን ዝቅ ያደርጋል፤ ሎግ ነውና እሱም ይመዝገብ።) በዚያው ዘመን የቻይና ዝርያ ያላቸው ዜጎች ስማቸውን እንዲቀይሩ ግፊት ነበር። ታላቅ ወንድሙ አሪፍ ቡዲማን ተባለ፤ ጊ ግን በስሙ ጸና።

ወንድሙ እንደጻፈው፣ እናታቸው ጊን አንድ ቀን ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችው፤ ጠላት እንጂ ገንዘብ አላመጣህበትም አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ፣ እማማ አይገባሽም አላት። ይህን ሳነብ የራሴን እናት ድምፅ ሰማሁ። የናንተም እናት ሳትለው አትቀርም።

ልደቱን ተራራ ላይ ሊያከብር በጃቫ ከፍተኛው ወደሆነው ወደ ሰሜሩ ወጣ። 3,676 ሜትር ነው፣ እሳተ ገሞራ። በዲሴምበር 16 ቀን 1969 ጫፉ አካባቢ መርዛማ ጋዝ እሱንና አንድ ጓደኛውን ገደላቸው። ወንድሙ አስከሬን ሊያመጣ ሄዶ ሬሳ ሳጥን ሲያሠራ፣ ሠሪው የሟቹን ስም ጠየቀ። ሲነገረው፣ ያ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ነው ብሎ አለቀሰ። እናቱ ለጠየቀችው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ደብተሩ በ1983፣ ሱሃርቶ ገና ሥልጣን ላይ እያለ፣ በመጽሐፍ ታተመ። በ2005 ሕይወቱ ፊልም ሆነ። ሱሃርቶ የወረደው በ1998፣ በሌሎች ተማሪዎች ሰልፍ ነው።

እኔ ያጠፋሁትን ማምጣት አልችልም። ከመርካቶ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፍኩና፣ በ2010 ዓ.ም. ምን ብዬ እንደነበር የማስታውሰውን ያህል መዘገብኩ። አሁንም ያሳፍረኛል። ይቀመጥ።