ሮማን ሆሊዴይ (ፊልም)

«ሮማን ሆሊዴይ» በዊልያም ዋይለር ዳይሬክተርነት ተሠርቶ በ1953 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ነው። ኦድሪ ሄፕበርን ከቤተ መንግሥት ሥርዓት አምልጣ አንድ ቀን እንደ ማንም ሰው በሮም ጎዳናዎች የምትውለውን ልዕልት አን ሆና ትጫወታለች። ግሪጎሪ ፔክ ማንነቷን እያወቀ እንዳላወቀ መስሎ ዜና ሊሠራባት የሚከተላት ጋዜጠኛ ነው።

ፊልሙ የተቀረጸው እዚያው ሮም ውስጥ ነው። «የእውነት አፍ» በተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ፊት ዘንድ ፔክ ሳያስጠነቅቃት እጁን እጅጌው ውስጥ ደብቆ በድንጋዩ አፍ የተነከሰ መሰለ፤ የሄፕበርን ጩኸት የእውነት ነበር። በዚህ ሥራዋ የኦስካር ምርጥ ተዋናይት ሆናለች።

ከሰባ ዓመት በኋላም የሚያስወድደው ግን ከሳቁ ይልቅ ፍጻሜው ነው። ፍቅረኞቹ አይጋቡም። እሷ ወደ ኃላፊነቷ ትመለሳለች፤ እሱ ሊያበለጽገው የሚችለውን ዜና ይተዋል። በመጨረሻው ጋዜጣዊ መግለጫ በሰው ሁሉ ፊት፣ በፕሮቶኮል ቃላት ብቻ ይሰነባበታሉ። የዘርፉ ፊልሞች እንዲህ ያለ ጨዋ ስንብት እምብዛም የላቸውም።

ታሪኩን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በኮሚኒስትነት ተወንጅሎ ከሆሊውድ ሥራ ታግዶ ስለነበር ለታሪኩ የተሰጠው የኦስካር ሽልማት በጓደኛው በኢያን ማክሌላን ሃንተር ስም ነበር። የኦስካር አካዳሚ ሽልማቱን ለትራምቦ የሰጠው ከሞተ በኋላ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ነው።