ስለ ቀይ ቀለም፤ ለዕለት ጽሕፈት ይሆን እንደ ሆነ

ባለፈው ዓመት በበጋ ወራት፣ ናዝሬት እየተባለች በምትጠራው በአዳማ ከተማ፣ አንድ ወጣት ዲያቆን የቀይ ቀለም ብልቃጥና ቀለም የሚሞላ ብዕር ይዞ ወደ እኔ መጣና፣ «የኔታ፣ በዚህ ቀለም ዘወትር በደብተሬ ብጽፍ ምን ይላሉ? የቀደሙት ጸሐፍትስ በቀይ ይጽፉ አልነበረምን?» ሲል ጠየቀኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ወዲያው ልመልስለት ነበር፤ ዳሩ ግን መልሱ ሁለት ወገን ሆነብኝና ብልቃጡን ተቀብዬ አቆየሁት። እነሆ ያስታወስሁትንና በእጄ የፈተንሁትን እጽፋለሁ።

ቀለም የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከብልቃጥ ይሰፋል። የምንጽፍበት ፈሳሽ ቀለም ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ የሚቀበለው ትምህርት ቀለም ነው፤ በቅኔ ቤትም የቤቱን ልክ ስንመዝን የምንቈጥረው ቀለም ነው። ብዙ የተማረውን ሰው የቀለም ቀንድ የምንለውም ጸሐፊው ቀለሙን የሚያኖርበትን የከብት ቀንድ በማሰብ ይመስለኛል። ጸሐፊው አንዱን ቀንድ ለጥቁር፣ ሁለተኛውን ለቀይ አድርጎ በአጠገቡ ከመሬት ይተክላል፤ ለየራሳቸውም የመቃ ብዕር ይቀርጻል። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከሙጫ ተዋሕዶ ለብዙ ወራት በውሃ ውስጥ ከርሞ የሚሠራ ነው። ቀዩ ከአበባ፣ ከሥርና ከቀይ አፈር ይሠራ ነበር፤ መጽሐፉን የሚያስጽፈው ባለጸጋ በሆነ ጊዜ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ከሜርኩሪና ከድኝ የተዋሐደ ደማቅ የማዕድን ዱቄት ይገባበታል።

የዲያቆኑ ጥያቄ ግማሹ እውነት ነው፤ የቀደሙት በቀይ ጽፈዋልና። ነገር ግን በቀይ የጻፉት ጥቂቱን ነው። የመጽሐፉ መጀመሪያ፣ የምዕራፉ መግቢያ፣ የአምላክና የእመቤታችን ስም፣ የሚዘከረው ጻድቅ ስም፣ የነጥቦቹና የቍጥሮቹ ጌጥ፣ ደግሞም መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ይገባል፤ የቀረው ሁሉ ጥቁር ነው። ይህም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ አይደለም። እጅግ በቀደሙት ብራናዎች ቀዩ ለመግቢያ መስመር ያህል ሲሆን፣ ቅዱስ ስም በተጠራ ቍጥር ማቅላት በኋላ ዘመን የተስፋፋ ልማድ ነው።

በዓለም ላይም ቀይ ቀለም ሕግ ያልወጣለት ጊዜ ጥቂት ነው። የግብጽ ጸሐፍት በፓፒሩስ ላይ አርእስቱን በቀይ ይለዩ ነበር። ሮማውያን ቀዩን አፈር ሩብሪካ ይሉት ነበርና እስከ ዛሬ አውሮፓውያን የሥርዓተ ጸሎት ማዘዣን በዚሁ ስም ይጠሩታል። በቍስጥንጥንያ ቀዳማዊ ሊዮን የተባለው ንጉሥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ470 ዓመት በሐምራዊው ቀይ ቀለም ከንጉሡ በቀር ማንም እንዳይጽፍ ከለከለ። በኮሪያ ደግሞ በሕይወት ያለን ሰው ስም በቀይ መጻፍ ነውር ነው፤ የሙታን ምልክት ነውና። የእኛ ጸሐፊ ግን ብራናውን ያስጻፈውን ሰው በሕይወቱ ሳለ ስሙን ያቀላዋል፤ እንዲታሰብለት ብሎ።

ከአዳማ ወደ ደቡብ በሸለቆው ወርዶ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ የሚደርስ ሰው ሐይቁንና ደሴቶቹን ያገኛል። ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በላዩም ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚያ ሸሽተው ሰባ ዓመት ያህል እንዳኖሯት ይተረካል። የዛይ ሰዎች እስከ ዘመናችን በዚያ የጠበቋቸው የብራና መጻሕፍት አሉ። ለእኔ ነገር የሚጠቅመኝ አንድ ነው፤ ይኸውም ብራና በሞቃት አገር መካከል፣ በውሃ በተከበበ ደሴት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠበቅ ቀዩም ጥቁሩም አብረው መጠበቃቸው ነው። ለዚህ ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። ማዕድኑ ፀሐይን ይችላል፤ መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ገብቶ በጨለማ ይሰቀላል። እውነት ለመናገር ከሜርኩሪ የተሠራው ቀይ አንዳንድ ጊዜ በብርሃን ይጠቍራል፤ ከአበባ የተሠራውም ይወይባል። ጥቁሩም ውሃ ሲነካው ይለቃል። ስለዚህ የቀደመው ሁሉ የማይጠፋ ነበር አልልም።

በቀይ ስም ላይ የሚደርሰውን ነገር ብራና የሚያገላብጥ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊው ለቀዩ ብሎ የተወው ባዶ ቦታ ሳይሞላ ቀርቶ «አገልጋይህን» ካለ በኋላ ስም የሌለባቸው ገጾች አሉ። ሌላም አለ፤ መጽሐፉ ሲሸጥ የፊተኛው ባለቤት ቀይ ስም በምላጭ ተፍቆ የኋለኛው በሐምራዊ ቀለም ይገባበታል፤ የተፋቀው ግን ወደ ብርሃን አቅርበው ሲያዩት ጥላው ይታያል። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው ብዙዎቹን በካታሎግ ገልጸዋቸዋል። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ስሙ ከዐረፍተ ነገሩ የሚለይበት ምልክትም አብሮ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልመለስ። የባቡሩ ሐዲድ በአዳማ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በዚህ መስመር ይወጣ ነበርና፣ የፈረንጅ ወረቀትና ቀለም በየከተማው ተስፋፋ። ቀለም የሚሞላውን ብዕር በ1884 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አሜሪካዊው ዋተርማን ባለመብት ሆኖበታል። ይህ ብዕር በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መተላለፊያ አለው። የማዕድን ዱቄትና ሙጫ ያለበት የቀንድ ቀለም ቢገባበት ይደርቅና ይዘጋዋል። ስለዚህ ለእርሱ የተዘጋጀው ቀይ ዱቄት የሌለበት፣ በውሃ ፈጽሞ የሚሟሟ ማቅለሚያ ሆነ፤ ከእነዚህም አንዱ በ1870ዎቹ በጀርመን አገር የተገኘው ኤዮሲን ነው። የዚህ ጠባዩ ታውቋል፤ ሠዓሊው ቫን ጎግ በ1890 ከሣላቸው ጽጌረዳዎች አንዳንዶቹ ያን ጊዜ ቀላ ያሉ ሳሉ ዛሬ ነጭ ሆነው የሚታዩት እንዲህ ያለው ቀይ ብርሃን ስለ በላው ነው። የሚፈሰው አይዘልቅም፤ የሚዘልቀው አይፈስም። በዘመናችን ዱቄቱን እጅግ አድቅቀው ለብዕር የሚያዘጋጁት ቀለም መጥቷል፤ ብዕሩን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ለማይሰለቸው መልካም ነው።

የዲያቆኑን ቀለም እንዲህ ፈተንሁት። አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ጽፌ ወረቀቱን ለሁለት ቀደድሁና፣ ግማሹን በመጽሐፍ መካከል፣ ግማሹን በምሥራቅ መስኮት ከጥቅምት እስከ ጥር አኖርሁ። በመጽሐፉ ያለው እንደ ነበረ ነው፤ በመስኮት የነበረው የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ መስሏል። አጻጻፉ ግን ለስላሳ ነው፤ በወረቀቱ አይሰፋም፤ ቶሎ ይደርቃል፤ አንዳንዴም ከመጠን በላይ፤ የአዳማ ነፋስ እንኳን የብዕር ጫፍ ማድረቅ የኤሌክትሪክ መዘውር ያዞራልና። ማታ በአምፖል ብርሃን ሙሉ ገጽ አንብቤው ዓይኔ ደከመ።

ይህን ሁሉ ከመፈተኔ በፊት ያየሁት አንድ ነገር አለ። ከሸለቆው ከተሞች በአንዲቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ገንዘብ ያዋጡ ምእመናን ስም በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በመስኮት ፊት ተሰቅሎ ነበር። ጸሐፊው እንደ አባቶቹ ስሞቹን በቀይ፣ ብሩን በጥቁር ጻፈ፤ ክብር መስጠቱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት እናት የሟቹን ባለቤታቸውን ስም ለተዝካሩ ሊያሳዩን ወደ ወረቀቱ አቀረቡን። ብሩ ሁሉ ተነበበ፤ ስሞቹ ግን አልነበሩም። እርሳቸውም ጣታቸውን በባዶው መስመር ላይ አኑረው፣ «እዚህ ላይ ነበር፤ ሁለት መቶ ብር የሚለው አጠገብ» አሉ። መዝገቡን አስፈልገን አጣነው፤ እንግዲህ በእርሳቸው ቃል በጥቁር ጻፍነው።

ዲያቆኑን ያን ጊዜ እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፣ የቃል ትምህርትህን ስትጽፍ ስሕተትህን የምታርምበት፣ የምዕራፉን መግቢያ የምትለይበት ይሁንልህ፤ ደብተርህም በመስኮት አይደር። ሙሉውን ገጽ ብታቀላው ግን የአምላክን ስም በምን ትለየዋለህ? የሰው ስም፣ ዕለትና ውል በዚህ አትጻፍ።» እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንግዲያውስ የኔታ፣ ያ ወረቀት እንደ ገና ሲጻፍ ስሞቹ በምን ይግቡ?» አለኝ። ስሙ በጥቁር ይግባ፤ ከፊቱ ትንሽ ቀይ መስቀል አድርግ አልሁት። ብልቃጡንም መለስሁለት፤ ከግማሽ በላይ ይቀረዋል።