ከእንጦጦ ጀርባ የተሸሸገች ወፍ

እንጦጦ ላይ የዘነበ ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። በደቡብ የወረደው አዲስ አበባን አቋርጦ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን የወረደው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተኝቶ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ከተሜው አብዝቶ የሚያውቀው የደቡቡን ፊት ነው፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን ማርያምን፣ ባሕር ዛፉን፣ እንጨት ተሸካሚ እናቶችን። ከጋራው ጀርባ ያለው ጨፌ ግን የሌላ ነዋሪ ታሪክ አለው።

ነዋሪዋ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም ባለነጭ ክንፍ የረግረግ ወፍ ናት። እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1877 ከደቡብ አፍሪካ በመጣለት ናሙና ለሳይንስ አስተዋወቃት። በኢትዮጵያም ስሟ ከሱሉልታ ጋር አብሮ ይነሣ ጀመር፤ የነፍሳት ተመራማሪው ኬኔት ጊቻርድ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ እርሷ ማስታወሻ አሳትሟል።

እርሷን ለይቶ ማወቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

እንደ አይጥ በሣሩ ሥር ትሮጣለች እንጂ ገላጣ ላይ አትወጣም። ሰው ሊረግጣት ሲደርስ ብቻ ብድግ ትልና ጥቂት ሜትር ዝቅ ብላ በርራ ተመልሳ ሣር ውስጥ ትገባለች። የሚያጋልጣት በዚያች ቅጽበት ክንፏ ላይ ብልጭ የሚለው ነጭ ነው። ወንዱ ራሱና አንገቱ ቀይ ዳማ ነው። ወደ ጨፌው የምትመጣው ክረምት ሲገባ፣ ውሃው ሣሩን ሲያረጥበው ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚያው ትራባለች፤ ዝናቡ ሲያበቃም ትሰወራለች።

ዓመታት ጠፍታ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሱሉልታ ላይ ዳግም ታየች። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በበርጋ ጨፌ ስትራባ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መደባት፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቿ ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል።

የሱሉልታን ሜዳ ግጦሽና ግንባታ አጣብበውታል። በበርጋ ግን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሰው ጋር ጨፌውን ለማቆየት ሠርቷል። የሚጠየቀው ነገር ከባድ አይደለም፤ በክረምት ከብት ሲሰማራ ጎጆዋ ይረገጣል፣ ሣሩ ቀድሞ ሲታጨድም መሸሸጊያ ታጣለች። ስለዚህ ከእንጦጦ ጀርባም ሆነ በበርጋ ጨፌ ያላችሁ፣ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ማጭዱንም ከብቱንም እባካችሁ አዘግዩላት።